ይስማው

ስም ያወጡለት ሰዎች አደራ ጭነውበት ነበር፤
ይስማው አሉት፣ ዓለም ሲንሾካሾክ፣ ዓለም ሲዘምር።
ሃያ ስድስት ዓመት ከጨርቃ ጨርቁ፣ ከመሸመኛው ማሽን ጎን ቆሞ፣
ጆሮውን ለክር ከፍሎ ወጣ፤ ጡረታውን ይዞ፣ ደክሞ።
ሐኪሙ "አይመለስም" የምትለዋን ቃል በወረቀት ጻፈለት፤
አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና፣ በዚያው ሳምንት
ቴፕ ገዛ።

እናቴ እናኑ፣ "ለደንቆሮ ቴፕ!" ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች፤
ሽምብጥ በሙሉ ሰማ፣ ከባሏ በቀር።
ከዚያ ወዲያ፣ የጡረታ ቀን በመጣ ቁጥር
ከገበያ ሁለት ነገር ይዞ ይገባል፤
አንድ ዘለላ ዓሣ፣ አንድ ካሴት።

አሁን ሣጥኑ እግሬ ሥር ነው። ክረምት ነው፤ ጣና ከጓሮ ይተነፍሳል፤
እርጥበቱ ከካሴት ሽፋን ላይ የዘፋኞችን መልክ ይልሳል።
አንዱ ከነክራቫቱ ሻግቷል፤ አንዱ ፂሙ ብቻ ቀርቷል፤
የአንዷ ጉትቻ ብቻውን፣
ጆሮ የሌለው ጉትቻ፣ ያበራል።

ወንድሜ ላቀው ችኩል ነው፤ "ፍላሽ ላይ ልገልብጠው" ይላል፤
"መቶ ሰማንያ ካሴት ከጥፍር ያነሰ ነገር ላይ ያድራል።
በዘፋኝ ስም ለይልኝ፤ ካልሆነ በቋንቋ፣ በዓመት።"
ገለበጥኩት። ስም የለም። ዓመት የለም።
ያለው የአባቴ የእጅ ጽሕፈት፦

ጥርስ።
ጥፍር።
ጉልበት።
መዳፍ።

"ጥርስ" ያለውን ከፈትኩ፤ የሁዳዴ በገና።
እንዝራው ሲነዝር ትዝ አለኝ ገና፤
የቴፑን እንጨት ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያየሁት፤
ልጅ ነበርኩ፣ ርቦት መስሎኝ ነበር፤
ዳቦ ነው ሮጬ ያመጣሁለት።

"ጥፍር" ውስጥ ማሲንቆ፤ ከእስቴ የወረደ አዝማሪ፣
ሙሽራውን ሲሸረድድ፣ ሚዜውን ሲነካካ፤
በስፒከሩ ጨርቅ ላይ በጥፍሩ ጫፍ ይጠብቀዋል፣
ልክ ዓሣ መንጠቆውን እንደነካ።

"ጉልበት" ላይ የጉራጌ ከበሮና የሠራዊት ማርሽ አንድ ክር ላይ ተጠምጥመዋል፤
ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ጉልበት ያውቃል።
"መዳፍ" ላይ የኦምዱርማን ዑድ፣ የአስመራ ክራር፣ የጅማ ሳክስፎን፣
ኬላ ላይ ወረቀት ቢጠየቁ የማይተላለፉ ሁሉ
አባቴ እጅ ላይ አንድ አልጋ ተኝተዋል።

ከታች፣ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ሦስት ቅጂ የሆነ አንድ ካሴት፤
ሸጊቱ ትባላለች፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን የሰማ የለም።
ቀጭን ናት፤ ከበሮ የላት፣ ቤዝ የላት፣
ከእንጨት የማታልፍ፣ ከጥርስ የማትደርስ፣
ላዩ ላይ የተጻፈው፦ "ፊት"።

ፊት?
ፊቱን ቴፕ ላይ አስደግፎ አይቼው አላውቅም።

ቆየሁ። ከዚያ መጣልኝ፤
እናኑ ምስር ስትለቅም፣ እሱ ማዶ በርጩማ ላይ፣
እጁ ጭኑ ላይ፣ ቴፑን ሳይነካ፣ እሷን ብቻ ሲያይ።
ሸጊቱ ስትወጣ የእናቴ ቅንድብ ይወጣል፤
ስትሰበር ከንፈሯ፤
ፈገግ ካለች፣ እሱም፣
አንድ ምት ዘግይቶ፣ ፈገግ ይላል።

"ይሄን አትገልብጠው" አልኩት ላቀውን። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም።

እናኑ ከሄደች ሁለተኛ ክረምት ነው። አባቴ በረንዳው ላይ፤
የደንገል ታንኳ ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል፣ ወደ ዘጌ፣ ውኃው ላይ።
የቴፑን ራስ በጥጥና በአረቄ ጠረግኩ፤
የላላውን ክር በእስክሪብቶ አጠነጠንኩ፤
ከማዶው ተቀመጥኩ፣ እሷ ትቀመጥ ከነበረበት።
ፊቴ ምን እንዳደረገ አላውቅም።
እሱ ግን አየ።

እትዬ ጥሩዓለም በአጥሩ ቀዳዳ፦ "አንቺ ልጅ፣
ይሄን ሁሉ ለማን ነው የምትከፍችው? እሱ እንደሁ…"
"ይተዉት" አልኳቸው፣ ዓይኔን ከዓይኑ ሳልነቅል፤
"ይስማው።"